ከቁፋሮ በኋላ፦ በአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብት የበጎ ፈቃደኞች ሥራና የዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ

መግቢያ

አርኪዎሎጂ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው የቁፋሮው ሥራ ነው። ከአፈር ውስጥ የወጣ የሸክላ ዕቃ፣ የነሐስ ገንዘብ ወይም ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ፎቶግራፉ በጋዜጣ ይወጣል፤ በመማሪያ መጽሐፍም ይታተማል። ከዚያ በኋላ ግን ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪም እንዴት አድርጎ እንደሚያገኘው የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። የኬሚስትሪ ተማሪ ሙከራው ባይሳካለት ሊደግመው ይችላል፤ ቁፋሮ ግን አይደገምም። አፈሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ የቀድሞውን አቀማመጥ የሚመሰክረው፣ ቆፋሪዎቹ የጻፉት መዝገብና ያወጡት ዕቃ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ወይም አንዱ ከጠፋ፣ የተደከመበት ዕውቀት ተመልሶ ላይገኝ ይጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብት እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም በጎ ፈቃደኞች በውስጡ ምን ድርሻ እንዳላቸውና በዓመቱ መጨረሻ የሚደረገው ቆጠራ ለምን እንደሚያስፈልግ ማብራራት ነው። ለዚህም የለንደን ከተማ ቤተ መዛግብት እንደ ዋና ምሳሌ ይቀርባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የቤተ መዛግብቱ ምንነት

የአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብት ሁለት ነገሮችን ባንድነት የሚይዝ ተቋም ነው። አንደኛው ዕቃው ነው፤ ይኸውም ገል፣ አጥንት፣ ምስማር፣ የመስታወት ስባሪ፣ ቆዳ፣ እንጨት፣ ከአፈር በውኃ ታጥቦ የተለየ የእህል ፍሬና ይህን የመሳሰለው ነው። ሁለተኛው ሰነዱ ነው፤ ይኸውም በቁፋሮው ጊዜ የተጻፈው ማስታወሻ፣ የተሣለው ንድፍ፣ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የዕቃዎቹ ዝርዝርና በኋለኛው ዘመን በኮምፒዩተር የተመዘገበው ፋይል ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቁጥር ነው።

ስለ ቁጥሩ ጥቅም ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ከተባለው ሥፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ በተመራማሪዎች መዝገብ የምትታወቀው «ኤ.ኤል. 288-1» በሚለው ምልክት ነው። ሁለቱ ፊደላት በአፋር የሚገኝ የጥናት ሥፍራ መሆኑን፣ 288 የሥፍራውን ተራ ቁጥር፣ 1 ደግሞ ከዚያ ሥፍራ የተመዘገበውን የመጀመሪያ ናሙና ያመለክታሉ። ሕዝብ የሚያውቃት በስሟ ቢሆንም፣ አጥንቶቿን ከተገኙበት ሥፍራ፣ ከደለሉ ንጣፍና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው ዕድሜያቸው ጋር የሚያስተሳስራቸው ይህ ቁጥር ነው።

በለንደንም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ቁፋሮ ሦስት ፊደላትና የተጀመረበትን ዓመት የሚያሳዩ ሁለት አኀዞች ያሉበት መለያ ይሰጠዋል። ለምሳሌ «ጂ.ፒ.ኦ. 75» የሚለው በ1975 በቀድሞው ዋና ፖስታ ቤት ቦታ ላይ የተካሄደውን ቁፋሮ ያመለክታል። በቁፋሮው ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ የአፈር ንጣፍ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድና እያንዳንዱ ግድግዳ የራሱ ቁጥር አለው። ገሉ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች በቀለም ይጻፉበታል፤ በከረጢቱና በካርቶኑም ላይ ይደገማሉ። እንግዲህ ገሉን በእጁ የያዘ ሰው ቁጥሩን ተከትሎ ወደ ሰነዱ፣ ሰነዱን የያዘም ሰው ቁጥሩን ተከትሎ ወደ ገሉ ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ የጠፋበት ገል ግን ከመንገድ ዳር ከተነሣ ገል የሚለይበት ነገር የለም።

2. የለንደን ቤተ መዛግብት

ለንደን ከተመሠረተች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት ከተማ ስትሆን፣ ከዛሬዎቹ ሕንጻዎች በታች የሮማውያንና የመካከለኛው ዘመን ቅሪቶች ተደራርበው ይገኛሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአየር ድብደባ ከፈረሱት ቦታዎች የተወሰኑት ከ1946 ጀምሮ በዊልያም ግራይምዝ መሪነት ተቆፍረዋል። በ1973 በከተማው ማእከል የሚሠራ ቋሚ የከተማ አርኪዎሎጂ ክፍል ተቋቋመ። በ1976 ደግሞ ቀድሞ ተለያይተው የነበሩት የጊልድሆል ሙዚየምና የለንደን ሙዚየም ተዋሕደው አዲስ ሕንጻ ተከፈተላቸው።

በ1990 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት የፕላን መመሪያ፣ ግንባታ ከመፈቀዱ በፊት የአርኪዎሎጂ ጉዳይ እንዲታሰብበት አደረገ። ከዚህ የተነሣ የቁፋሮው ወጪ በገንቢዎቹ ላይ ሲያርፍ የቁፋሮዎቹ ብዛት ጨመረ፤ ወደ መጋዘን የሚገባውም ካርቶን እንዲሁ በዛ። ይህን ሁሉ ባንድ ጣራ ሥር ለመጠበቅና ለተመራማሪ ክፍት ለማድረግ በ2002 ሐክኒ በተባለው የከተማው ክፍል የአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብትና የምርምር ማእከል ተከፈተ። ማእከሉ ከ8,500 የሚበልጡ ቁፋሮዎችና የጥናት ሥራዎች ሰነድና ዕቃ የያዘ በመሆኑ፣ በ2012 በዓለም ትልቁ የአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብት ተብሎ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ተመዝግቧል።

ይሁን እንጂ ትልቅ መሆን ብቻውን በሥርዓት መያዝን አያመለክትም። ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመው ስብስብ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ እጅና በተለያየ ደንብ የገባ ነበር። አንዳንዱ ዕቃ በአሮጌ ወረቀት ከረጢት፣ አንዳንዱም በተቀዳደደ ካርቶን ነበር። አዲስ የሚገባው ስብስብ የተወሰነ ዝቅተኛ ደረጃ እንዲያሟላ ማድረግ ይቻላል፤ የቀድሞውን ወደዚያ ደረጃ ማምጣት ግን ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በጎ ፈቃደኞች የተፈለጉትም ለዚህ ነው።

3. በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ሥራ

በለንደን ቤተ መዛግብት ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በቡድን ተከፋፍለው፣ በሙያተኛ ተቆጣጣሪ እየተመሩ በአሮጌው ስብስብ ላይ ሲሠሩ ቆይተዋል። ከመካከላቸው ተማሪዎች፣ ጡረተኞችና ሥራ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀድሞ ወደ ሙዚየም መጥተው የማያውቁ ሰዎችም እንዲሳተፉ ታስቦ ልዩ መርሐ ግብር ተዘጋጅቷል። ሥራቸው ቁፋሮ አልነበረም፤ የተቆፈረውን መልሶ ማሰናዳት ነበር።

ሥራው በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ ካርቶኑ ይከፈትና የውስጡ ዕቃ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ ያረጀው ከረጢት በአዲስ ይለወጣል፤ መለያውም ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ በከረጢቱ ላይ፣ ሌላው በውስጡ በሚገባ ወረቀት ላይ። ይህም አንዱ ቢደበዝዝ ሌላው እንዲመሰክር ነው። የዕቃዎቹ ዓይነትም ይለያል። ገልና አጥንት በደረቅ መደርደሪያ ሊቀመጡ ሲችሉ፣ ብረት ግን እርጥበት ካገኘው ዝገቱ ስለሚቀጥል እርጥበት ከሚመጥ ኬሚካል ጋር ተከድኖ መቀመጥ አለበት። ከቴምዝ ወንዝ ዳር ጭቃ የወጣ ቆዳና እንጨት ደግሞ በተቃራኒው፣ የጥበቃ ሕክምና እስኪደረግለት ድረስ ቢደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ይህ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው።

በሰነዱም በኩል እንዲሁ የሚሠራ አለ። የዛገ አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ከወረቀቱ ይወጣል፤ ንድፎች ሳይታጠፉ ተዘርግተው ይቀመጣሉ፤ የፎቶግራፍ ፊልም ከሙቀትና ከብርሃን ይጠበቃል። በመጨረሻም ዝርዝሩ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከቤተ መዛግብቱ ርቆም ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። በ2014 ሥራ የጀመረው የብሪቲሽ ሙዚየምና የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጋራ ፕሮጀክት፣ ከ30,000 የሚበልጡ ስለ ነሐስ ዘመን ዕቃዎች የተጻፉ የመዝገብ ካርዶችን ፎቶግራፍ በኢንተርኔት አቅርቦ፣ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው ጽሑፉን እንዲገለብጡ አድርጓል።

በጎ ፈቃደኛው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅምም አለ። ዕቃን መግለጽ፣ ማመሳከር፣ በደንብ መጻፍና ከሌሎች ጋር መሥራት ይማራል። ከሁሉም በላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚታየው አንድ ዕቃ ከበስተኋላው ብዙ ሺህ ያልታዩ ዕቃዎች እንዳሉት በእጁ ዳስሶ ይረዳል።

4. የዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ

ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቆጠራ እንደሚደረግ የታወቀ ነው። በሞዴል 19 ገቢ የሆነው፣ በሞዴል 22 ወጪ የተደረገውና በግምጃ ቤት የቀረው እንዲመሳከር ይጠበቃል። በአርኪዎሎጂ ቤተ መዛግብትም የዓመቱ መዝጊያ ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ከግምጃ ቤት የጎደለ ወንበር በሌላ ወንበር ሊተካ ሲችል፣ ከቤተ መዛግብት የጎደለ ዕቃ ግን ምትክ የሌለው መሆኑ ነው።

ቆጠራው በሁለት አቅጣጫ መካሄድ አለበት። አንደኛው ከመዝገቡ ወደ መደርደሪያው ነው፤ የተጻፈው ሁሉ በቦታው መኖሩ ይረጋገጣል። ሁለተኛው ከመደርደሪያው ወደ መዝገቡ ነው፤ በቦታው ያለው ሁሉ መጻፉ ይረጋገጣል። ስብስቡ ትልቅ ሆኖ ሁሉን መቁጠር የማይቻል እንደሆነ፣ በየዓመቱ የተወሰኑ መደርደሪያዎች በተራ ይመረጣሉ፤ ነገር ግን ሁለቱ አቅጣጫዎች ሊቀሩ አይገባም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተደረገ ቆጠራ የስሕተቱን እኩሌታ ይሰውራልና።

በቆጠራው ሦስት ዓይነት ጉድለቶች ሊገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው በመዝገብ ኖሮ በቦታው የሌለ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ዕቃው ለጥናት ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ወይም በሌላ መደርደሪያ ሲቀመጥ ስለሆነ፣ የውሰት መዝገቡ ይመረመራል። ሁለተኛው በቦታው ኖሮ በመዝገብ የሌለ ዕቃ ነው፤ ይህም ወዲያው ጊዜያዊ ቁጥር ተሰጥቶት ምንጩ ይፈለጋል። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ዕቃውም መዝገቡም ኖረው የማይጣጣሙበት ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ ከረጢቱ የአንዱን ንጣፍ ቁጥር ይዞ በውስጡ ያለው ገል የሌላ ንጣፍ ቁጥር ተጽፎበት ሲገኝ ነው። ይህን የመሰለው ጉድለት በብዛት ሲቆጠር አይታይም። ተመራማሪውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የጠፋ ዕቃ ዝም ሲል፣ የተሳሳተ መለያ ግን ሐሰት ይናገራል።

ከቆጠራው ጋር ሌሎችም ሥራዎች ይጠናቀቃሉ። የተሰበሩ ካርቶኖች ተለይተው ይያዛሉ፤ የእርጥበት መምጠጫው ኬሚካል ይለወጣል፤ የኮምፒዩተር ፋይሎች መከፈታቸው ይፈተሻል፤ የማይነበብ አሮጌ ዲስክ ላይ ያሉ ፋይሎችም ወደ አዲስ መያዣ ይገለበጣሉ። በበጎ ፈቃደኞች የተሠራው ሥራ በቁጥር ተገልጾ በዓመታዊው ሪፖርት ይገባል። በመጨረሻም ለበጎ ፈቃደኞቹ ምስጋና ይቀርባል፤ የሠሩበትን ስብስብም አንድ ባለሙያ ያብራራላቸዋል። ይህ ማብራሪያ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም፤ ዓመቱን ሙሉ ከረጢት ሲለውጥ የቆየ ሰው የድካሙን ትርጉም የሚያውቀው በዚህ ነውና።

5. ከመደርደሪያ የወጣ ዕውቀት

በመልካም ሁኔታ የተጠበቀ ስብስብ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ከ1986 እስከ 1988 በለንደን ኢስት ስሚዝፊልድ፣ ቀድሞ የመንግሥት የገንዘብ መቅረጫ በነበረበት ቦታ፣ በ1348 እና በ1349 ከተማይቱን በመታው ታላቅ ወረርሽኝ ያለቁ ሰዎች የተቀበሩበት መካነ መቃብር ተቆፈረ። ያን ጊዜ ከእንዲህ ያለ አጥንት የጀርም ዘረ መል ማንበብ የሚቻል አልነበረም። አጥንቶቹ ግን ቁጥራቸውን እንደያዙ ተቀመጡ። በ2011 ተመራማሪዎች ከእነዚሁ ሰዎች ጥርስ የቸነፈሩን ባክቴሪያ ዘረ መል አግኝተው አነበቡ። ሥራውን አስተማማኝ ያደረገው አዲሱ መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው መቃብር እንደወጣና መቃብሩም የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚታወቅ መሆኑ ጭምር ነበር።

ሌላው ምሳሌ ግራይምዝ በ1954 በለንደን ያገኙት የሚትራስ የተባለው አምላክ ቤተ ጣዖት ነው። በዚያን ጊዜ ለማየት የተሰለፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ይሁን እንጂ የቁፋሮው ሙሉ ዘገባ በሌላ ተመራማሪ ተዘጋጅቶ የታተመው በ1998 ነው። ከ44 ዓመት በኋላ ይህን መሥራት የተቻለው ማስታወሻውና ንድፉ ተጠብቆ በመገኘቱ ነው።

በኢትዮጵያም ታሪክ ተመሳሳይ ጉዳይ ተፈጽሟል። ኔቪል ቺቲክ የተባሉት ተመራማሪ በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ኢንስቲትዩት ስም ከ1972 እስከ 1974 በአክሱም ሰፊ ቁፋሮ አካሄዱ። ሥራው በ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ ምክንያት ተቋረጠ፤ ቺቲክም ዘገባውን ሳይፈጽሙ በ1984 ዐረፉ። የተዉትን መዝገብ መሠረት አድርገው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ በ1989 ዘገባውን አሳተሙ። በ1974 ተገኝቶ ምርመራው ሳይፈጸም የቀረው የጡብ ቅስቶች መቃብርም፣ ከ1993 እስከ 1997 በዴቪድ ፊሊፕሰን መሪነት በተካሄደው ቁፋሮ እንደገና ሊመረመር በቃ። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የሦስት ዓመት ድካም ከአንድ ሰው ጋር ባለፈ ነበር።

6. በዕቅድ አወጣጥ ሊታሰብበት የሚገባ

በጎ ፈቃደኞችን ማሰለፍ ወጪ የሌለበት ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ካርቶን፣ ከረጢት፣ የማይደበዝዝ ቀለም፣ የሥራ ጠረጴዛና ከሁሉ በላይ የተቆጣጣሪ ባለሙያ ደመወዝ ያስፈልጋል። ያለ ተቆጣጣሪ የተሠራ ሥራ ከላይ የተገለጸውን ሦስተኛውን ዓይነት ጉድለት ያበዛል። እንዲሁም በጎ ፈቃደኞች ቋሚውን ባለሙያ ለመተካት ሳይሆን፣ በባለሙያው ብቻ ሊደረስበት ያልቻለውን ለማገዝ መመደብ አለባቸው።

የሥራውን ስፋት አስቀድሞ በስሌት ማወቅ ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቤተ መዛግብት 12,000 ያልተሰናዱ ካርቶኖች አሉት እንበል። 10 በጎ ፈቃደኞች በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ እያንዳንዳቸው በቀን 6 ካርቶን ቢያሰናዱ፣ በሳምንት 60 ይሆናል። በዓመት 40 ሳምንት ቢሠሩ 2,400 ካርቶን ይጠናቀቃል፤ ሥራውም 5 ዓመት ይፈጃል። ይህ የሚሆነው ግን በዚያው ጊዜ አዲስ የሚገባው ስብስብ ተሰናድቶ የሚመጣ ሲሆን ነው። ያልተሰናዳ ስብስብ በየዓመቱ 2,400 ካርቶን ቢገባ ግን፣ በጎ ፈቃደኞቹ ቢደክሙም ክምችቱ ከነበረበት ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ ማንኛውም የቁፋሮ በጀት ሲዘጋጅ ዕቃውን የማጠብ፣ የመቁጠር፣ የማሸግና የማስረከብ ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት። በእንግሊዝ አገር ብዙ ሙዚየሞች ዛሬ የመጋዘን ጥበት የገጠማቸው፣ ቁፋሮው ሲበዛ የማስቀመጫው ጉዳይ በዚያው መጠን ስላልታሰበበት ነው።

7. በትምህርት ቤት ሊሠራበት ስለሚችል

ይህን ዕውቀት ወደ ክፍል ለማምጣት ቁፋሮ አያስፈልግም፤ መደረግም የለበትም። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋ ማካሄድ የተከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስታወቅ ግዴታው ነው። ተማሪዎች በእርሻ ወይም በመንገድ ሥራ ቦታ ጥንታዊ ነገር ቢያዩ፣ ሳያነሡ ቦታውን አስተውለው እንዲያስታውቁ ማስተማር የመምህሩ ድርሻ ነው። የተነሣ ዕቃ ከንጣፉ የተለየ ዕቃ ነውና።

ለልምምድ የሚሆነው ግን በየትምህርት ቤቱ ሞልቶአል። በትምህርት መርጃ ማእከል ያሉ ካርታዎች፣ ሥዕሎችና በመምህራን የተሠሩ መሣሪያዎች፣ የቆዩ ፎቶግራፎችና የትምህርት ቤቱ ታሪክ የተጻፈባቸው ሰነዶች ለዚህ ይበቃሉ። በሰኔ ወር፣ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ፈቃደኛ የሆኑ ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ ከመዝገብ ወደ መደርደሪያ፣ ሌላው ከመደርደሪያ ወደ መዝገብ ቢቆጥሩና ውጤታቸውን ቢያነጻጽሩ፣ የቤተ መዛግብትን ሥራ መሠረቱን ይረዳሉ። ቁጥር የሌለው ዕቃ ቢገኝ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼና ለየትኛው ትምህርት እንደሆነ ከነባር መምህራን ጠይቀው እንዲጽፉ ይደረጋል። መልስ የሚሰጥ ሰው ያልተገኘለት ዕቃ ሲገጥማቸው፣ መዝገብ አለመኖሩ የሚያስከትለውን ጉዳት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገነዘቡታል።

ማጠቃለያ

ቁፋሮ የጥቂት ወራት ሥራ ሲሆን ጥበቃው ግን መጨረሻ የለውም። በኢስት ስሚዝፊልድም ሆነ በአክሱም የታየው፣ የዛሬው መዝጋቢ የነገው ተመራማሪ ምን እንደሚጠይቀው አስቀድሞ ሊያውቅ አለመቻሉን ነው። ሊያደርግ የሚችለው ዕቃውና መዝገቡ እንዳይለያዩ መጠበቅ ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚለውጠው ከረጢት፣ የሚጽፈው መለያ፣ በዓመቱ መጨረሻም የሚደረገው ቆጠራ ለዚህ የሚውሉ ናቸው። ዕቅድ አውጪው ለዚህ ሥራ በጀትና ባለሙያ ሲመድብ፣ መምህሩም ተማሪዎቹን በዚህ ልማድ ሲያሠለጥን፣ ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ እንዲኖር መንገድ ያዘጋጃሉ።